ከተራ የወጣው ምስል

ሟቹ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት፣ በመጽሔት ማከማቻው ወለል ላይ፣ ከብረቱ መሰላል ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከጎኑ አንድ አሮጌ ጥራዝ ተከፍቶ ወድቋል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች መሰላሉን አዩ፣ ጥራዙን አዩ፣ የሰውየውን ሽበት አዩና መዝገቡን ሊዘጉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሽማግሌ ከመሰላል ሲወድቅ ማንም ብዙ አይጠይቅም።

መርማሪዋ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ስትደርስ ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር፤ ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ደግሞ ነገር በቀላሉ አይዋጥላትም። ጎንበስ ብላ የሟቹን የደረት ኪስ ዳሰሰች። መነጽሩ በማኅደሩ ውስጥ ተከድኖ ተቀምጧል።

በሩ ላይ ቆማ የምታለቅሰው መጽሔቱን ለኅትመት የምታሰናዳው ገጽ አቀናባሪ ነበረች። መርማሪዋ ወደ እሷ ዞረች።

«ያለ መነጽር ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«ጋሼ? ያለ መነጽር የራሳቸውን ስም አያነቡም።»

«ታዲያ እዚህ መሰላል ላይ ምን ሊያነቡ ወጡ?»

ገጽ አቀናባሪዋ ማልቀሷን አቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሞቱን እንደ አደጋ አድርጋ ነበር የምታለቅሰው።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ የላከው ቃል አጭርና መራራ ነበር። የሰውየው ጭንቅላት የተመታው ሰኞ ማታ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከኋላው፣ በብረት መደርደሪያው ጠርዝ፣ እንደቆመ ነው። ከከፍታ የወደቀ ሰው ስብራት አይደለም። ከዚያም ወዲያው አልሞተም፤ አንድ ሰዓት ያህል ሲተነፍስ ቆይቷል። ሰው ቢጠራለት ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር።

ሟቹ የዩኒቨርሲቲው መጽሔት ምንጭ አጣሪ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። በእሱ ጠረጴዛ ሳያልፍ የሚታተም ጽሑፍ አልነበረም፤ ለሁሉም የሚያቀርበው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነበር፦ «ምንጩስ?» በዚሁ ምክንያት ስሙ «ምንጩስ» ሆኖ ቀረ። ሚስቱ እወድሃለሁ ስትለውም ምንጭ ይጠይቃታል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ማሽን ምስል መሥራት ከጀመረ ወዲህ ግን ቀልዱ ቆመ። ምሁራኑ በአጉሊ መነጽር ያላዩትን ሕዋስ፣ በእግራቸው ያልረገጡትን ረግረግ፣ በሁለት መስመር ጥያቄ እያሠሩ ይልኩለት ጀመር። አንዳንዶቹ የማሽን ሥራ መሆኑን ይናገራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን ደግሞ ትሕትና አስመስለው ያቀርቡታል።

አዛውንቱ ደንቡን በእጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መርማሪዋ ቆማ አነበበችው። «ምስል» የሚባለው የሰው ዓይን ያየው ብቻ ነው፤ ፎቶ ወይም የእጅ ሥዕል። ማሽን የሠራው «ሥሪት» ይባላል፤ ከምስል ተራ ይወጣል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ምስሎች ቁጥር ይሸጋሸጋል። ከምስል ሥር «ሠዓሊ» ወይም «ፎቶ አንሺ» ተብሎ ስም ይጻፋል። ከሥሪት ሥር ግን የሚጻፈው «ጠያቂ» ነው፤ ማሽኑን የጠየቀው ሰው ስም፣ ቀኑና የጠየቀበት ቃል።

ሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጽሑፍ ስለ አንዲት የረግረግ ተክል ነበር። ረግረጉ ከደረቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ተክሏም አብራ ጠፍታለች። ጽሑፉ የፍሬዋ አምስት ክፍሎች ተክሏን ከታወቁት ቤተሰቦች ሁሉ ይለዩዋታል ይላል። አራት ምስሎች አሉት፦ የረግረጉ ካርታ፣ የደረቀ ቅጠል ፎቶ፣ የፍሬዋ የእጅ ሥዕል፣ በጠርሙስ የተረፈችው ሥር ፎቶ። ሟቹ ያረመበት የጽሑፉ ወረቀት ከጠረጴዛው ጠፍቷል። ቀይ እርሳሱ ብቻ ጫፉ ደንዝዞ ተቀምጧል።

የፊት ለፊቱ በር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በጓሮ በኩል ለመግባት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ፣ ጽሑፉን የጻፈችው የዶክትሬት ተማሪዋ፣ የክፍሉ ሠዓሊ። ሠዓሊው የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ማክሰኞ ዕለት እህቱ አጠገብ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚለውን ሁሉ እየተቀበለ ነበር።

የመርማሪዋ አለቃ ከሦስቱ አንዷን ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀበትም። ተማሪዋ ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። «ገደሉኝ እኮ!» ብላ ጮኻ ነበር። ወሬው ግቢውን አዳርሶ ሲያበቃ እሷ ገና አልሰማችም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የሰማችው ማክሰኞ ማታ ፖሊሶች በሯን ሲያንኳኩ ነው።

«ምክንያት አላት፣ ቁልፍ አላት፣ አፏም መስክሮባታል» አለ አለቃው። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መነጽሩ ለምን በኪሱ እንደነበረ።»

«እስከ ሐሙስ ጨርሺ። ካልሆነ ልጅቷን ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፋለሁ።»

መርማሪዋ ተማሪዋን ያገኘቻት በዚያው ሌሊት በጣቢያው ጠባብ ክፍል ነው። ልጅቷ ማልቀሷን ጨርሳ ወደ ንዴት ተሻግራለች። የመመረቂያ ሥራዋን በፈታኞች ፊት የምትከላከለው ዓርብ ጠዋት ነው። አራት ዓመት ሠርታለች፤ እናቷ በእሷ ተስፋ ቤቷን ሳታድስ አራት ክረምት አሳልፋለች። በዩኒቨርሲቲው ደንብ መሠረት ለመከላከያው የታተመ ወይም ለኅትመት ያለፈ አንድ ጽሑፍ ያስፈልጋታል፤ ሟቹ ደግሞ ጽሑፏን ሰኞ ዕለት አግዶታል።

«ምክንያቱን ነገሩሽ?»

«የአንዱ ምስል ምንጭ አልጠራልኝም አሉ። የትኛው ስላቸው፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው አለ አሉኝ። እኔ ምኑን ልጠርጥር? ካርታው ከመንግሥት ነው። ቅጠሏን እኔ ነኝ ያነሳኋት። ምስል 4ን፣ ሥሯን፣ እሱንም እኔ። ፍሬዋን ደግሞ ጋሼ ሠዓሊው ሣሉልኝ፤ በሕይወት ካሉ ሰዎች ተክሏን በዓይናቸው ያዩ እሳቸው ብቻ ናቸው። በልጅነታቸው ረግረጉ ዳር ነው ያደጉት።»

«ከዚያ ወዴት ሄድሽ?»

«ወደ ቤቴ። አለቀስኩ። ማልቀስ ምስክር የለውም።»

ፕሮፌሰሩ በቢሮው ሰፊ ወንበር ላይ ሆኖ ተቀበላት። የሟቹን ሞት «ትልቅ ክፍተት» አለው፤ ስለ ክፍት የሥራ ቦታ እንደሚናገር ሰው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። የፍሬዋን ሥዕል ባለፈው ዓመት በአንድ ጉባኤ ላይ አቅርቦት ነበር፤ ሰባት ጽሑፎች ጠቅሰውታል። ሰባት የሚለውን ቃል ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከምስሎቹ የሚያጠራጥር ካለ ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ምናልባት የጠርሙሷ፣ ምስል 4፣ ብርሃኗ ደካማ ነው አለ። ደግሞም በጽሑፉ ላይ የእሱ ስም ሦስተኛ መሆኑን አስታወሳት። ልጅቷ በታሰረች በማግሥቱ የስሙን ቁጥር እየቆጠረ ነበር።

ሠዓሊውን ያገኘችው በሌላ ሕንጻ ምድር ቤት ባለው የሥዕል ክፍሉ ነው። ከልቅሶ ቤት ለአንድ ሰዓት ወጥቶ መጣ። ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የተለካ ሽማግሌ ነው። ብዕሮቹ በተርታ ተደርድረዋል፤ በአንዳቸውም ጫፍ ላይ የቀለም ምልክት የለም። የቀለሙ ጠርሙስ ክዳን ዙሪያውን ደርቆ ተጣብቋል። ሻይ ቀረበላቸው። መርማሪዋ ጠጣች። እሱ ግን ስኒውን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ ፉት አለና ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።

መጽሔቱ ወዳለበት ሕንጻ ከዓርብ ጀምሮ አልሄድኩም አለ። የታረመውን ወረቀትም አላየሁም ሲል ጨመረ። ስለ ማሽኑ ስታነሳበት ፊቱ ጠቆረ።

«ያ ነገር አይቶ አያውቅም፣ እመቤቴ። ያላየ ምን ይሥላል? እኔ ለዚያ ጽሑፍ ፍሬዋን ሣልኩ፤ ሥራዬ እዚያ ላይ አለቀ። ምስል 3ን ውሰጂ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለችውን ሥር። ልጅቷ ናት ያነሳቻት። ፎቶ መሆኗን ጥላዋ ይናገራል፤ ባገኘበት ወድቋል። እጅ ግን ጥላውን የሚያሳርፍበትን ይመርጣል።»

መርማሪዋ በልቧ አንድ ነገር ቆለፈች፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ማከማቻውን በደንብ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። መደርደሪያው፣ መሰላሉ፣ በሩ፣ እንዳለ ይሣሉልኝ። ለአለቃዬ ላሳየው። አሁን በእርሳስም ቢሆን ይበቃኛል።»

«በሐዘን ላይ ነኝ እኮ» አለ። «ነገ ጠዋት ይደርስሻል።»

ሥዕሉ በነጋታው በፖስታ መጣ። እጅግ ያማረ ነበር። መርማሪዋ ይዛው ማከማቻው ውስጥ ገባችና ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ወደ ገጽ አቀናባሪዋ ወርዳ፣ ማክሰኞ መጠየቅ የነበረባትን ጥያቄ በመዘግየቷ ራሷን እየረገመች ጠየቀቻት። «ሰኞ ዕለት ሟቹ የላኩልሽ ነገር ነበር?»

«ብጣሽ ወረቀት» አለች ገጽ አቀናባሪዋ፣ መሳቢያዋን እየሳበች። «አሥር ተኩል ላይ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለማንም አላሳየሁም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመጽሔቱ ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃው መስኮቱ ጋ ቆመ። ፕሮፌሰሩ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ። ተማሪዋ ከአንዲት ፖሊስ ጋር ገባች፤ ሦስት ቀን በለበሰችው ሹራብ። ሠዓሊው እጆቹን እንደከተተ ግድግዳውን ተደግፏል። ገጽ አቀናባሪዋ የሟቹ ወንበር ላይ ሰው እንዳይቀመጥበት አጠገቡ ቆመች።

መርማሪዋ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከዚህ ልጀምር። ይህ መነጽር በኪሳቸው ነበር። ስለዚህ ማከማቻው ውስጥ የገቡት ለማንበብ አይደለም፤ ከሰው ጋር ለመነጋገር ነው። መሰላሉና ጥራዙ በኋላ የመጡ ናቸው። በር ዘግተው ሊያነጋግሩት የፈለጉት ሰው ማን ነው? ለተማሪዋ እዚሁ ኮሪደር ላይ በሰው ፊት ነው የነገሯት። ለዚያ ሰው ግን አዝነውለታል።»

አለቃው ማስረጃ እንጂ ኀዘኔታ አልፈልግም አለ።

መርማሪዋ ብጣሿን ወረቀት አነሳችና አነበበችው። «ገጽ ስድስት። ምስል 3 ከተራ ይወጣል፤ ሥሪት 1 ይሆናል። የቀሩትን አሸጋሽጌ ነገ አመጣለሁ።»

ተማሪዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምስል 3 የፍሬዋ ሥዕል ነው።»

«ነው። የእጅ ሥዕል ተብሎ የቀረበው የማሽን ሥሪት መሆኑን ሟቹ ደርሰውበታል። እንግዲህ ስሙኝ። ያ ሥዕል ከተራ ሲወጣ ከእሱ በኋላ ያለው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ የሥሯ ፎቶ። ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል። ይህን ለውጥ የያዘ ወረቀት በዓለም ላይ አንድ ነበር፤ እሱም ከዚህ ጠረጴዛ ላይ በገዳዩ እጅ ሄዷል። አንቺ ማክሰኞ ሥሯን ምን አልሽኝ?»

«ምስል 4» አለች ተማሪዋ።

«ፕሮፌሰሩም ምስል 4 አሉኝ። አንድ ሰው ግን፣ ከዓርብ ወዲህ እዚህ አልደረስኩም፣ ወረቀቱንም አላየሁም ያለኝ ሰው፣ ምስል 3 አላት። በጠርሙስ ውስጥ ያለችውን ሥር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሼ።»

ሁሉም ወደ ሠዓሊው ዞረ። እሱ ግን ተረጋግቶ ነበር።

«ሽማግሌ ነኝ። ቁጥር ይምታታብኛል።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ለዚህ ነው ሥዕል ያዘዝኩዎት።» የፖስታውን ሥዕል ዘርግታ አሳየች። «መደርደሪያው አለ። መሰላሉ አለ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ደግሞ ወለሉ ላይ አምሮ ወድቋል።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?» አለ ሠዓሊው።

«ማከማቻው መስኮት የለውም።»

ሽማግሌው የማከማቻውን ክፍት በር አየ፤ ከዚያ ሥዕሉን፤ ከዚያ እንደገና በሩን።

«የለውም እንዴ?» አለ፤ በዚህ ጊዜ እያስመሰለ አልነበረም።

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሠላሳ ዓመት የገቡበት ክፍል ነው። በእርስዎ እጅ ቢሣል መስኮት አይኖረውም ነበር፤ ይህን የሠራው ማሽን ነው። እጅዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

ሠዓሊው እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ዝናብ የመታው ቅጠል ይመስል ሁለቱም ይርገበገባሉ። ተማሪዋ ፊቷን አዞረች።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ። «ልጅቷ ፍሬዋን ይሣሉልኝ ስትለኝ እምቢ ልላት ነበር። የድሮ ደብተሬ ቧንቧ ፈንድቶ በስብሷል። ግን አሁንም ይታየኛል፤ ዓይኔን ስጨፍን ትመጣለች። እጄ እምቢ አለኝ እንጂ። ስለዚህ ለማሽኑ ነገርኩት። እንደዚህ ነች፣ እንደዚህ ነች እያልኩ። ሠራት። አምራ ወጣች፤ ሁሉም አጨበጨበላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ግን አልቀለለኝም።»

«ጋሼ ‹ምንጩስ›ስ እንዴት ደረሱበት?» አለች መርማሪዋ።

«እህቴ ቤት ስበላ እጄን አይቶ ነው የጠረጠረኝ። ሰኞ ጠራኝ። ወረቀቱን አሳየኝና ማከማቻው ውስጥ ገባን። ለምኜዋለሁ። ስሜን አውጣው፣ ሥዕሉንም አውጣው አልኩት። እሱ ግን የተጠቀሰ ነገር አይደበቅም፣ በትክክል ይጻፋል አለ። ስሜ ያለበትን ቦታ አነበብኩት። ሠላሳ አምስት ዓመት ከስሜ በፊት የተጻፈው ‹ሠዓሊ› ነው። እሱ ሰርዞ ‹ጠያቂ› ብሎታል። በቀይ።» ትንፋሽ ወሰደ። «ገፋሁት። እንዲሞት ብዬ አይደለም። መሬት ላይ ሆኖ ሲያየኝ ግን ሰው መጥራት ነበረብኝ፤ እኔ መሰላሉን ጎተትኩ።»

«ይተነፍሱ ነበር» አለች መርማሪዋ።

«አውቃለሁ።»

ገጽ አቀናባሪዋ ወንበሩን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። መርማሪዋ በሕይወቷ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ በአንድ ቃል ምክንያት አማቹን ሲተነፍስ ትቶ የሄደ ግን አላየችም፤ ልታዝንለትም ልትጠላውም አቃታት። አለቃው ለፖሊሷ ምልክት ሰጠ፤ ተማሪዋ በዚያው ተለቀቀች። ፕሮፌሰሩ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ፤ ስሙ ከጽሑፉ እንዲወጣ ዛሬውኑ እንደሚጽፍ ተናገረ። ስለ ሰባቱ ጽሑፎች ምን እንደሚደረግ አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። እነሱ ሥዕሉን እንደጠቀሱ ይኖራሉ፤ እነሱን የሚጠቅሱም ይመጣሉ።

ሠዓሊውን ሊወስዱት ሲሉ ተማሪዋ መንገዱ ላይ ቆመች። ነፃ ሆናለች፤ ዓርብ ደግሞ ነገ ነው። በእጇ የያዘችው ማስታወሻ ደብተር ነበር።

«ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር» አለች። «ጽሑፉም ይቅር። ያችን ተክል ያዩ እርስዎ ብቻ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝና እኔ ልጻፈው፤ ከሥሩ የእርስዎን ስም፣ ያየ ብዬ። አራት ዓመቴ ባዶውን አይቅር። ፍሬዋ ስንት ክፍል ነበራት?»

ሽማግሌው ዓይኖቹን ጨፈነ። ክፍሉ ሁሉ ጠበቀው። መጀመሪያ ፈገግ ሊል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ግንባሩ ተኮማተረ። ዓይኖቹን ገልጦ እንደገና ጨፈነ፤ ጠበቅ አድርጎ።

«አምስት» አለ። ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። አራት ትመስለኝ ነበር። አሁን ስጨፍን የምትመጣው የማሽኑ ናት፣ ልጄ። የኔዋ ጠፍታለች።»